አንድ ጊዜ ብቻ የወረወረው ሰው

የተቀቀለ ለውዝ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታል፤ ጨው እንደተበተነበት አፈር። ባለፈው ሐሙስ አትላንታ አጠገብ ካለችው ሎረንስቪል ስንመለስ ልጄ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ፤ እኔም ውሃ ልገዛ ወደ ሱቁ ገባሁ። ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ አንድ ትልቅ ድስት ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይተናል። እንፋሎቱ ፊቴን ሲነካኝ ውሃውን ረሳሁት። ሻጯ ልጅ ደጋግማ ጠየቀችኝ መሰለኝ፤ በመጨረሻ በጣቴ ድስቱን አሳየኋት፤ በወረቀት ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ ስገባ ልጄ አፍንጫውን ያዘ። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? መኪናው እኮ ሊሸት ነው።»

«ይሽተት» አልኩት።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ከልጄ ጋር የምንነጋገረው እንዲህ ባጭር ባጭሩ ነው። እሱም ያዝናል፣ እኔም አዝናለሁ፤ አንዳችን ሌላችንን እንዳናስለቅስ እንጠነቀቃለን። የዚያን ዕለት ግን ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር ነበር። የመጣነው ከድንጋይ ቀራጮቹ ዘንድ ነው። ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው፤ ለዚያ ቀን መቃብሩ ላይ ድንጋይ መቆም አለበት። የሚቀረጸው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል በልጄ ስልክ ልከውልናል። ከላይ በትልልቅ ፊደል የአማቴ ስም ተጽፏል። ከሥሩ፣ አነስ ብሎ፣ የባለቤቴ።

«እንደዚህ ነው የሚሠራው ማሚ» አለኝ ልጄ። «ላስት ኔም ከላይ ቢግ ሆኖ ነው። ሁሉም ድንጋይ እንደዚያ ነው፤ አላየሽም?»

«እዚያ የተኛው አባትህ ነው» አልኩት። «አያትህ አይደለም።»

«አይ ኖው። ካልፈለግሽው ቼንጅ እናደርገዋለን። ሴትዮዋ ምንም ችግር የለም ብላለች። ጀስት የምትፈልጊውን ንገሪኝና አፕሩቭ አደርገዋለሁ።»

የምፈልገውን አውቅ ነበር። የባለቤቴ ስም ከላይ እንዲሆን፣ ከሩቅ እንዲነበብ፣ ሣር የሚያጭደው ሰው እንኳ ሲያልፍ እንዲያየው ነበር የምፈልገው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱ ግን ከአባቱ ስም በታች ሊውል ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት የለውዙ ኩባያ በእጄ ላይ ሞቀኝ። አንድ ለውዝ ፈለፈልኩ።

የተቀቀለ ለውዝ መጀመሪያ የቀመስኩ ጊዜ ሀያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ባለቤቴ ከቤዝቦል ስታዲየሙ ብዙ በማይርቅ አንድ ባዶ ቦታ ላይ የሰው መኪና ያስቆም ነበር፤ ከቁም ሳጥን የማትሰፋ የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቆርጣል። እኔ ከተማው መሀል ካለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ዕረፍቴ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ስወጣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በባቡር እሄድና ምሳውን አደርስለታለሁ።

ጨዋታ ባለበት እሑድ ቦታው በመኪና ጢም ይላል። አስፋልቱ ከሥር ይፋጃል፤ ሬንጅና ቢራ፣ ሰዎቹ ለፀሐይ የሚቀቡት ቅባትም አንድ ላይ ይሸታሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገቡና መኪኖቹና እኛ ብቻ እንቀራለን። ከግንቡ ማዶ የሕዝቡ ድምፅ እንደ ሩቅ ወንዝ ይመጣል። ባለቤቴ ጨዋታውን ገብቶ አይቶት አያውቅም፤ ግን በድምፁ ብቻ የሆነውን ይነግረኝ ነበር። «ይኼ መቺው ስቶ ነው» ይላል። ሌላ ጩኸት ሲመጣ «ይኼ ደግሞ ኳሷ ከግንብ ወጥታ ነው፤ ደህና ሁኚ በያት» ይላል። እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ጆሮውን ወደ ግንቡ እንዳደረገ።

ደረቱ ላይ የሚለጥፈው ባጅ ነበረው። ባጁ ላይ ያለው ስም ግን የእሱ አልነበረም። የአባቱ ነበር።

ይህ የሆነው ሱዳን ነው። መጠለያው ውስጥ ስደተኛ ሲመዘገብ አስተርጓሚ ሆኖ የተቀመጠው ሰው እንደኛው አገር ቤት ያደገ ነበር፤ እንዳደገበትም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ባለቤቴ የአባቱን ስም ተናገረ። «አንተስ?» ሲለው የራሱን ጨመረ። መዝጋቢው በሰማበት ተራ ጻፈው፤ አባትን ከፊት፣ ልጅን ከኋላ። ያ ወረቀት በሌላ ወረቀት እየተገለበጠ አትላንታ ድረስ መጣ።

አለቃው በአባቱ ስም ሲጮህበት ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብሎ ወደ ኋላው ያይ ነበር። በኋላ ቀልድ አደረገው። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም» ይላል። «ይኸው አሁን አትላንታ ላይ መኪና ያቆማል። ሲያረፍድም ይቆጡታል።» ይስቃል፤ የሚስቀው ግን በአፉ ብቻ ነበር። አባቱ በልጅ እግር አለቃ ሲመናጨቅ መስማት ነውር ሆኖበት ነበር። ዜግነት ስንጠይቅ ስሙ ይስተካከላል እያለ ቀኑን ይጠብቃል።

በየጨዋታው የሚመጣ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበር። መኪናው አሮጌ፣ ባርኔጣው ከመኪናው የሚያረጅ። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና አንዲቷ ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማል። ወደ ስታዲየሙ አይቸኩልም፤ የመኪናውን በር ከፍቶ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ ከወረቀት ከረጢት የተቀቀለ ለውዝ ይበላል፤ ለእኛም ይሰጠናል። የመጀመሪያ ቀን ባለቤቴ ለውዙን በጣቱ ጨመቅ አድርጎ አየው። ውሃ ወጣው።

«ለውዝ ይቀቀላል እንዴ?» አለኝ በአማርኛ። «ምስኪን፣ ጥርስ የለው ይሆናል።»

ሽማግሌው ሙሉ ጥርሱን አሳይቶ ፈገግ አለ። ገብቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለታችንም ግን አፍረን የሰጠንን ሁሉ በላነው።

ሽማግሌው ከመኪናው የማይለየው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረው። ከጥንት ጀምሮ፣ ተጫዋቾቹ ጓንት ሳያጠልቁ በባዶ እጃቸው ኳስ ይይዙ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ለደሞዝ ቤዝቦል የተጫወተ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ለእያንዳንዱ ስሙ፣ ልደቱ፣ ሞቱ፣ ከዚያ ቁጥር ነው። ባለቤቴ መጽሐፉን ወደደው። እንግሊዝኛው ገና ጥሬ ነበር፤ ቁጥር ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የአንዱን ሰው ቁጥር በጣቱ ተከትሎ ይወርድና «ይኼ ጎበዝ ነበር፤ እዚህ ላይ ታመመ፤ እዚህ ላይ ተወው» ይለኛል። ሽማግሌውም ራሱን እየነቀነቀ ልክ ነህ ይለዋል።

አንድ እሑድ ሽማግሌው ገጽ ገልጦ አንዲት መስመር አሳየን። መስመሯ ከሌሎቹ ሁሉ ታጥራለች። አንድ ወርዋሪ ነው፤ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ሰው። አንድ ጨዋታ ተጫወተ። አላሸነፈም፤ ተሸነፈ፤ አበቃ። የተወለደበት ቦታ ባዶ ነው። በግራ ይወርውር በቀኝ፣ ባዶ ነው። የሞተበትም ባዶ ነው።

«የሞተበት ካልተጻፈ አልሞተም ማለት ነው?» ሲል ባለቤቴ ጠየቀው።

«እንግዲያው በጆርጂያ ከኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ተገኘ» አለ ሰውየው። «ለውዝ እናስቀምጥለት።»

ከዚያ ታሪኩን ነገረን። ቡድኑ የዚያን ቀን ወርዋሪ ጎድሎበት ነበር፤ ከከተማው ክንዱ ጠንካራ ነው የተባለ አንድ ሰው ለምነው አስገቡ። ሰውየው ወረወረ፣ ተሸነፈ፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። የዘመኑ ጋዜጣ የሚጽፈው ላስት ኔም፣ የቤተሰቡን ስም፣ ብቻ ስለነበር ፈርስት ኔሙ፣ የራሱ ስም፣ በዚያው ጠፋ። ሽማግሌውና እንደሱ ጡረታ የወጡ ጥቂት ጓደኞቹ ያን የጠፋ ስም ለዓመታት ይፈልጋሉ፤ የድሮ ጋዜጣ እየገለጡ፣ በየመቃብሩ እየዞሩ ድንጋይ እያነበቡ። የራሱ ሚስት እንኳ «ለማን ይጠቅማል?» ትለው እንደነበር ነገረን። ይህን ሲናገር «ትለኝ ነበር» እንጂ «ትለኛለች» አላለም፤ ሚስቱ የሞተች መሆኗን ያን ጊዜ አወቅን።

ባለቤቴ መስመሯን ደግሞ ደጋግሞ አየ። ከዚያ «ታዲያ ያገኛችሁት እሱን አይደለም፤ አባቱን ነው» አለ።

ሽማግሌው ለውዙን መፈልፈል አቆመ። «እስቲ ድገመው።»

ባለቤቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛው አስረዳው። እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ የቤተሰብ የሚባል ስም የለንም። የወረወረው ልጁ ነው፤ የተጻፈው አባቱ ነው። «አባትየው የዚያን ቀን ቤቱ ተቀምጦ ይሆናል» አለው። «ምናልባት ኳስም አይወድ። ሽንፈቱን ግን በእሱ ስም ጻፋችሁበት።»

የእነሱ ስም እንደኛ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ሽማግሌውም ያን ጊዜ ያውቅ ነበር። ግን አላረመውም። ብዙ ከሳቀ በኋላ ሳቁ በዝግታ ጠፋ፤ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጣቱን ወደ ባለቤቴ ደረት ዘረጋ።

«ይኼስ?» አለው፣ ባጁን።

«ይኼ አባቴ ነው።»

«አንተስ ማነህ?»

በዚያ ከተማ ያን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ስሙን ነገረው። ሽማግሌው እንደ ትኩስ ለውዝ አፉ ውስጥ እያገላበጠ ሞከረው፤ የመጨረሻዋ ፊደል አስቸገረችው። ባለቤቴ ደጋግሞ አለለት። ከዚያን ቀን ወዲያ ሽማግሌው አለቃው እየሰማ እንኳ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ወርዋሪው ከባለቤቴ ልብ አልወጣም። አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የንስሐ አባታችንን አስቁሞ፣ ዘመድ የሌለውን ሙት በጸሎት ማሰብ ይቻል እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉት።

«አይታወቅም አባ።»

«የዓለም ስሙስ?»

«እሱም ጠፍቷል። የአባቱ ብቻ ነው ያለው።»

«ሃይማኖቱስ ልጄ?»

አጠገባችን የቆመው ጓደኛው ቀደመና «ቤዝቦል ነው አባ» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አባም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። አባ ይህን ሲያዩ እሳቸውም ተዉት፤ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፈው «ስሙን ፈጣሪው ያውቀዋል፤ አንተ ያልከውን ሰምቷል» አሉት።

ያ በጋ ሳያልቅ ዜግነት የምንጠይቅበት ጊዜ ደረሰ። እኔ ይህን ልጄን አርግዤ ነበር። ማመልከቻው ላይ ስም ማስተካከል ይቻላል። ሲጠብቀው እንደኖረው እሱ ይስተካከል አለ፤ እኔ ግን በዚህ መሀል ሐሳቤ ተለውጦ ነበር። መዝጋቢው ተሳስቶ ደግ ሠርቶልናል ባይ ሆንኩ። እዚህ አገር ልጅ የሚወርሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የባለቤቴ የራሱ ስም ነው። እንዳለ ከተተወ ልጄ እንደ አገራችን ወግ በአባቱ ስም ይጠራል። ከተስተካከለ ግን በአያቱ። የጓደኞቻችን ልጆች ሁሉ እንደዚያ ሆነው ነበር፤ እናቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው «ልጆቻችን ለባሎቻችን ወንድም ሆኑ» ሲሉ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በራሴ ሲመጣ ሳቄ ጠፋ።

እሑድ ነበር፤ ጨዋታው ከውስጥ ይሰማል። ምሳውን አስቀመጥኩለትና ሳልቀመጥ ጀመርኩት።

«ስማ። ይኼ ልጅ ወንድምህ ሊሆን ነው?»

«ይሁን» አለ። «ወንድም አልነበረኝም።»

«ስማ፣ አትቀልድ።»

እንጀራውን ሳይነካ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ቀድሞ በቁራጭ ብቻ ነግሮኝ የነበረውን ሙሉውን ነገረኝ። አባትና ልጅ ወደ ሱዳን ሲሄዱ አባቱ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተ። ከእሱና ከመንገድ መሪው በቀር ሰው አልነበረም። መሬቱ ደረቅ ስለነበር ጥልቅ አድርገው መቆፈር አልቻሉም፤ ድንጋይ ሰብስበው ከላይ ከመሩበት። ካህን የለም፤ እንጨት አጣምሮ የሠራውን መስቀል ነፋስ እንዳይጥለው ድንጋዩ መሀል ሰካው። መንገድ መሪው ፀሐይ እየወጣ ነው ብሎ አጣደፈው። መጠለያው ደርሶ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ከዚያ መቃብር ገና መምጣቱ ነበር።

«ድንጋዩ ላይ ስም የለም» አለኝ። «ከሥሩ ማን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስሞት ያ ክምር ድንጋይ ብቻ ይሆናል።»

በሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን ወርዋሪ አይተሽዋል» አለ። «እዚህ አገር ሲረሱ ከፊት ነው የሚረሱት። የሚቀረው ኋላ ያለው ነው። ከሁለታችን አንዳችን ከኋላ እንሁን ከተባለ አባቴ ይሁን። ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ይጠራ፣ ቤት ሲገዛ ይጻፍ። የልጅ ልጄም።»

«አንተስ?» አልኩት። ድምፄ ወጥቶ ነበር መሰለኝ፣ ትኬት ይዞ የቀረበ ሰው ወደ ኋላ አለ። «አንተ ልትጠፋ ነው?»

«እኔማ አንቺ አለሽኝ። እኔን አንቺ ትጠሪኛለሽ።»

«መቼ ጠርቼህ አውቃለሁ?»

እውነቴን ነበር። እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው ሳትሰማ ነው የኖርኩት፤ ሴት የባሏን ስም አፏ ላይ አታዘወትርም ተብዬ አደግኩ። ባለቤቴን የምጠራው «ስማ» ብዬ ነበር። ስማ፣ ምሳህ ደርሷል። ስማ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው። ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር፤ «ሚስትህ ስምህን ጀምራ ሳትጨርሰው ትተወዋለች» እያሉ። እሱም ይህን አስታውሶ ሳቀ፤ የዚያን ዕለት በአፉ ብቻ አልነበረም የሳቀው። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ቤት በባቡር ስመለስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ከግንቡ ማዶ የሚጮኸው ሕዝብ እስከ ጣቢያው ድረስ ተከተለኝ።

ስሙ ተስተካከለ። ቃለ መሐላ የገባን ቀን ስማችን በተራ ሲነበብ አንባቢዋ የአባቱን ስም እንደምንም አጣምማ አነበበችው። ባለቤቴ ብድግ አለ፤ ሲቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቴን ሰማሽው?» አለኝ። አዲሱን ባጅ ለሽማግሌው ሲያሳየው ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ይኼን እኔ ድሮ አውቀዋለሁ» አለው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት መጣ። አንድ የጨዋታ ወቅት ሲጀመር ዛፉ ሥር ሌላ መኪና ቆመ፤ ባለቤቴ የዚያን ዕለት ሁሉ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ቦታው ዛሬ ሕንፃ ሆኗል፤ ዛፉም የለም።

ስኔልቪል ቤት ከገዛን በኋላ ባለቤቴ በየዓመቱ፣ የቤዝቦል ወቅት ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና የወርዋሪውን ስም ይፈልጋል። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ «ተገኘ?» እላለሁ። «ገና ነው» ይለኛል። ይህ የእኛ የወቅት አቆጣጠር ነበር፤ ሰው ሁሉ አበባ ሲያይ ጸደይ ገባ ይላል፣ እኛ ገና ነው ሲባል ገባ እንላለን። ዘንድሮ ማንም አልፈለገለትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ መኪናው ውስጥ ነገርኩት፤ እንዲህ በተራ ሳይሆን እየተሰናከልኩ፣ ለውዙን እየፈለፈልኩ። መኪናውን ማስነሳት ትቶ ያዳምጠኛል። አያቱ መንገድ ላይ መቀበሩን አያውቅም ነበር።

«ዋይ? ለምን አልነገረኝም?» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ስምህን በጠሩ ቁጥር ነግሮሃል» አልኩት።

ስልኩን አንስቶ ሲነካካ ቆየ፤ ድንጋዩን የሚያይ መስሎኝ ነበር። «ማሚ፣ አገኘሁት። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ሎስ። ፈርስት ኔም... ስቲል አንኖውን።»

«ገና ነው በል።»

«ገና ነው» አለ ልጄ። ድምፁ ከአባቱ ድምፅ ጋር እንደሚመሳሰል ሰው ይነግረኝ ነበር፤ ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት።

የድንጋዩን ሥዕል እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ከላይ በትልልቁ የአማቴ ስም። አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ነፋስ በሚነፍስበት በረሃ ስም በሌለው ክምር ሥር የተኛ ሰው፣ እዚህ በሚታጨድ ሣር ላይ፣ ከልጁ በላይ፣ ከሩቅ የሚነበብ ስም። ባለቤቴ ለራሱ ድንጋይ ይቆምልኝ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ስለ አባቱ ግን በዚያች የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ሳህኑን ወደ ጎን አድርጎ ነግሮኝ ነበር።

«እንዳለ ይሁን» አልኩ።

«ሹር ነሽ?»

«ሹር ነኝ። የአያትህም ድንጋይ ነው።»

አንድ ለውዝ ሰጠሁት። ፊቱን አጨማዶ በላው፤ ከዚያ ሳይጠይቀኝ ሌላ ወሰደ።

ቤት አድርሶኝ ሲሄድ ገና አልመሸም ነበር። ልጣጩን የያዘውን ኩባያ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጥባት ወንበር አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ አለች፤ ማንሣት አልቻልኩም። የጎረቤቱ ሣር ማጨጃ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ።

«ስማ» አልኩ እንደ ልማዴ።

«ምን?» የሚልበትን ያህል ጠበቅኩ። ከዚያ በስሙ ጠራሁት። የመጨረሻዋ ፊደል እኔንም አስቸገረችኝ።